ኦቲሊያ ከኦቲሊያ ትበልጣለች?

ዱቦይስ ካውንቲ፣ ኢንዲያና
ጁላይ 30

የለም፣ ቦታዬን አልቀየርኩም! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድሮም በምቀመጥበት አግዳሚ ላይ ነው የምቀመጠው። አንተ አልጠየቅኸኝም፣ ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ይቺ እህቴ ቬልማ ከጠዋት ጀምራ «ወደ ኋላ ብንሄድ ምን አለበት? ወደ ኋላ ብንሄድ ምን አለበት?» እያለች ጆሮዬን በላችው፤ ያውም የሚሰማውን አንዱን። እኔ ምን ሠርቼ ነው ወደ ኋላ የምሄደው? የቀየሩት ጎረቤቶቻችን እነ አሎይስ ናቸው። ስንት ዘመን ከጀርባዬ ተቀምጠው ትከሻዬ ላይ ሲያስሉ ኖረው፣ አሁን እዚያ ጥግ ከማርያም ሐውልት ሥር ሄደው ተወሸቁ። ይወሸቁ!

እሺ፣ ሰላም ሳልልህ ተቆጣሁ። ልጄ ኩርት፣ እንደምን ከርመሃል? ሚስትህስ ደህና ናት? በዚያ ዝናብ በማያባራበት ኖርዌይ እግዚአብሔር ጣራህን አያፍስብህ፣ ደረትህን ከብርድ ይሰውርልህ። የባሌ ወንድም የልጅ ልጅ ነህ ይባላል እንጂ፣ በየበጋው ከልጅ ልጄ ከሊያንደሬ ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ ነክሬ ያጠብኩህ የራሴ ልጅ ነህ። ስልኩ ላይ ድምፅህ አይሰማኝም፤ ዝም ብዬ «እሺ፣ እሺ» ከምልህ ብጽፍልህ ይሻላል ብዬ ነው።

ሰምተህ ይሆናል። ያ ክፉ ሙቀት የመጣ ሰሞን፣ በአሎይስ አዲሶቹ የተርኪ ዶሮ ማርቢያ ቤቶች ውስጥ ማራገቢያዎቹ ሳይነሡ ቀሩ። መብራት አልጠፋ፣ ሞተሩ ጤነኛ፤ ቆመው ዶሮዎቹን ያያሉ። አሎይስ ከተማ ውሎ ሲመለስ ዶሮዎቹ ግድግዳው ሥር ተደራርበው፣ ምላሳቸውን አውጥተው አልቀዋል። በትራክተር እየዛቀ ሲያወጣቸው ነው የዋለው። ሽታው እዚህ ድረስ መጣ። መስኮት ዘጋሁ፤ ምን ላድርግ?

አሁን መንደሩ ሁሉ «የሊያንደር ፕሮግራም ነው» ይላል። እውነት ነው፣ የአገሩን ማራገቢያ ሁሉ የሚያስነሣውን የኮምፒውተር ነገር የጻፈው እሱ ነው፤ ቆሽቱ ሲያመው ነው ለአንተ ያስረከበው። ማርች ላይ ቀበርኩት። ራሱን ሊከላከል ተነሥቶ አይመጣ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የመቃብሩ ድንጋይ ኤፕሪል ላይ ተቀርጾ ሲመጣ መሬቱ ጭቃ ነበርና የአሎይስ መጋዘን ገባ፤ ማንሻ ያለው ትራክተር ያለው እሱ ነው። «መሬቱ ይድረቅና እኔው ራሴ እተክለዋለሁ፣ እማማ» አለኝ። ሬሳውንም ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። ይኸው መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። እሱ አያመጣው፣ እኔ አልጠይቀው። ዶሮዎቹ ያለቁበትን ሰው «ና፣ ፈጀብኝ ለምትለው ልጅ ድንጋይ ትከልልኝ» እንዴት ይባላል? ልጄ ስም እንኳ በሌለው አፈር ውስጥ ተኝቷል።

እና ንገረኝ። የልጄ ጥፋት ነው ወይስ አይደለም? ከሆነ ሄጄ አሎይስ እግር ላይ እወድቃለሁ። ካልሆነም አግዳሚዬ ላይ ቆሜ፣ አባ ስብከታቸውን ሳይጀምሩ፣ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። የምፈልገው ይሄን ብቻ ነው።

ኦቲሊያህ


በርገን፣ ኖርዌይ
ኦገስት 24

ለተከበሩ እማማ ኦቲሊያ፣

ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። እኔም ባለቤቴም ደህና ነን። ዝናቡ እርስዎ እንዳሉት ነው። ለእማማ ቬልማም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

በአሎይስ ቤቶች የደረሰውን ሰምቻለሁ፤ በጣም አዝኛለሁ። በዚያው ቀን እዚህ ሆኜ አስተካክዬዋለሁ፣ የሌሎቹንም ገበሬዎች ቤት አንድ በአንድ አይቻለሁ። ከእንግዲህ የሚያሰጋ ነገር የለም። መሥሪያ ቤታችን ችግሩ የቱ ጋ እንደነበረ ጠይቆኝ፣ አሮጌው ክፍል ውስጥ ነው ብዬ መልሻለሁ። ነገሩ የቴክኒክ ስለሆነ በዝርዝሩ ባላደክምዎ ይሻላል። ሊያንደር ጎበዝ ሰው ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም።

ክረምቱ ሳይመጣ ብዬ የሱፍ ካልሲና የዚህን አገር ቡናማ አይብ ልኬልዎታለሁ። ሌላ የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ አይሰቀቁ፣ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ ኩርት


ሴፕቴምበር 5

ልጄ ኩርት፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ሰላም ለሚስትህ፣ ሰላም ለጃንጥላህ። ካልሲው ደርሶኛል፤ የአንዱን እግር ቬልማ የአንዱን እኔ አድርገን ስንሳሳቅ ዋልን። አይቡን ግን ሳሙና መስሏት እጇን ልትታጠብበት ስትል ነው የደረስኩባት። «ቆይ እስቲ፣ አረፋ ያወጣል» ትለኛለች!

በል አሁን ስማኝ። አንድ ነገር ጠየቅሁህ፤ ሁለት ነገር ላክህልኝ። የጠየቅሁህ ግን ከሁለቱም ውስጥ የለም። «አሮጌው ክፍል» አልክ። አሮጌው ክፍል ማለት ሊያንደር ማለት አይደል? ያስተማረኝ የለም እንጂ ሞኝ አይደለሁም። ይሄንኑ ቃል መሥሪያ ቤቱ ለአሎይስ ነገረው፣ አሎይስ ለሚስቱ፣ ሚስቱ ደግሞ ለአገሩ ሁሉ።

የቤተ ክርስቲያኑ የበጋ በዓል ባለፈው ነበር። ሾርባው በዚያ በትልቁ ብረት ድስት ሲሠራ፣ አሎይስና ሊያንደር ግራና ቀኝ ቆመው በረጅሙ የእንጨት መቅዘፊያ ሲያማስሉት ታውቃለህ፤ አንተም ልጅ ሆነህ እየቀመስክ ምላስህን ስታቃጥል ነበር። ዘንድሮ አሎይስ አንድ ጎን ቆመ፤ ሌላውን ጎን የሚይዝ ጠፋ። ሰው ሁሉ ወንበር እየደረደረ፣ ጠረጴዛ እየጠረገ፣ ድስቱን ያላየ ይመስላል። ሄጄ ያዝኩት። ዕድሜዬን አይቶ መቅዘፊያው ራሱ አዘነልኝ።

ስናማስል፣ ስናማስል ቆየን። በመጨረሻ አሎይስ፣
«እማማ፣ ጨው አነሰው መሰለኝ» አለ።
«አንተ ጨምር፣ እኔ ጨው አልነካም።»
«ልጁ ግን…»
«ምን ልጁ?»
«አይ… ጨው ነው ያልኩት።»
«ጨው አላልክም። ልጁ ነው ያልከው።»
«እንግዲህ ሞቷል፣ እማማ። ምን ብዬ ልቆጣው?»

ጢሱ ዓይኔ ውስጥ ገባ አልኩና ሄድኩ። ጢሱ ወደ ሌላ በኩል ነበር የሚሄደው።

ስለዚህ አልተውህም። አንድ ነገር አስታውሳለሁ። ሊያንደር ያን ማሽኑን ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ሲሠራ፣ የማሽኑ መስኮት ላይ ቢጫ ጽሑፍ ይወርድ ነበር። «ሾርባው ቀዘቀዘ» እለዋለሁ። «ቢጫውን ሳልጨርስ አልነሣም፣ አያቴ» ይለኛል። «ቀይ ሲሆን ማሽኑ ራሱ እምቢ ብሎ ይቆማል። ቢጫ ሲሆን ግን ይናገርና ያልፋል። ክፉው ያ ነው።» ስንት ጊዜ ሾርባ አሙቄያለሁ በቢጫው ምክንያት!

እና ለአሎይስ ቤቶች ማሽኑ ቢጫ ተናግሮ ነበር ወይ? ከተናገረ ምን አለ? እንዳለ፣ ቃል በቃል አንብብልኝ። እንዳታስጌጥብኝ።

ኦቲሊያ


ኦክቶበር 17

ለተከበሩ እማማ ኦቲሊያ፣

እንደምን ሰንብተዋል? በመዘግየቴ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

እርስዎ የብርድ ልብሱን ጨርቅ ሲቆርጡ መጀመሪያ ካርቶን ቀድደው ቅድ ያወጣሉ፤ ከዚያ ያን ቅድ በየጨርቁ ላይ እያሳረፉ ነው የሚቆርጡት። ሊያንደርም እንዲህ ያለ ቅድ ሠርቶ ነበር። እኛ ማክሮ እንለዋለን። አንዴ ይጻፋል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ የተርኪ ቤት ማሽኑ ራሱ በቅዱ ልክ ሙሉውን ይጽፈዋል። ጽሑፉን መርምሮ ማሽኑ ወደሚሠራበት ቋንቋ የሚለውጠው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ኮምፓይለር ይባላል። ያ ቢጫ የእሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ቅዱ ውስጥ የቤቱን ሙቀት ለአፍታ የሚይዝ ትንሽ ሳጥን ያስፈልጋል፤ ሳጥኑም ስም ያስፈልገዋል። በቅዱ የሚጠቀመው ሰው ሳያውቅ በዚያው ስም ሌላ ሳጥን ከሰየመ ሁለቱ ይምታታሉ። ስለዚህ የኛ ሙያ ሰዎች ለቅድ ውስጥ ሳጥን ማንም ሊያስበው የማይችል ስም መርጠው ይሰጣሉ። አንዳንዱ ትርጉም የሌለው ፊደል ይደረድራል። ሊያንደር ግን «ኦቲሊያ» ብሎት ነበር። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። እኔ ግን ገባኝ።

በአሎይስ አዲሶቹ ቤቶች ላይ፣ ማራገቢያው የሚነሣበት የሙቀት ልክም በዚሁ ስም ተሰይሞ ነበር። ቅዱ ሲያርፍበት የውስጡ ኦቲሊያ የውጪውን ሸፈነው። ማሽኑ «የቤቱ ሙቀት ከልኩ ይበልጣል?» ብሎ መጠየቅ ሲገባው፣ «ኦቲሊያ ከኦቲሊያ ትበልጣለች?» ብሎ ጠየቀ። የዚህ መልስ ሁልጊዜ «አትበልጥም» ነው። ቤቱ ምንም ያህል ቢግል።

ቢጫው ያለውን ቃል በቃል ጠይቀውኛል። ይህን ነው ያለው፦ «እዚህ የተሰየመው ኦቲሊያ ቀድሞ የተሰየመውን ኦቲሊያ ይሸፍናል።» ቅዱ ባረፈበት ቤት ሁሉ ለጥቃቅኑም ነገር ቢጫ ስለሚወርድ ብዛቱ አያድርስ ነው። ይሄኛው ከመካከላቸው አልታየም።

እግዚአብሔር ያጽናናዎ።

ኩርት


ኦክቶበር 28

ኩርት፣

ቬልማ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ከዚያ አላመንኳትም፣ ነጥቄ ራሴ አነበብኩት። ከዚያ ሳቅሁ። ያ ቂል! ከዓለም ስም ሁሉ ማንም የማይመርጠውን ፈልጎ ፈልጎ እኔን አገኘ! ሰው ልጁን ኦቲሊያ ማለት ካቆመ እኮ ቆይቷል፤ አብረውኝ ኦቲሊያ የተባሉት ሁሉ መቃብር ናቸው። «ይቺን ማንም አይነካብኝም» ብሎ ይሆናል። በየተርኪ ቤቱ፣ በየማራገቢያው ሥር፣ ካውንቲውን ሙሉ አስቀምጦኝ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ እዚህ ሾርባ አሞቃለሁ። ከዚያ ሳቄ ወደ ሌላ ሄደ። ቬልማ መነጽሬን አወለቀችልኝ።

አሁን አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። «ተሰይሞ ነበር» ትላለህ። «አልታየም» ትላለህ። ማን ሰየመው፣ ነፋስ? ያላየውስ ማነው፣ ድመቷ? አሎይስ እነዚያን ቤቶች ያቆማቸው ሜይ ላይ ነው፤ ጣራ ሲመቱ መዶሻው ለእኔ እንኳ ተሰምቶኛል። ሊያንደር በሜይ አፈር ውስጥ ነበር። አፈር ውስጥ ያለ ሰው ለምንም ነገር ስም አያወጣም።

አንዱ ኦቲሊያ የሊያንደር ነው። ሁለተኛው የማን ነው?

ካልሲ አልፈልግም።

ኦቲሊያ


ዲሴምበር 18

ለእማማ ኦቲሊያና ለእማማ ቬልማ መልካም ገና እመኛለሁ። ሻርፕ ልኬያለሁ፤ ካልሲ አይደለም።

ለሊያንደር ቀብር አልመጣሁም። አዲሶቹን ቤቶች ስጽፍ፣ ከሱ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዬ ነበርና፣ ከቤት አንድ ነገር አብሮኝ እንዲሆን ፈለግሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ የእርስዎ ስም ነው።

ቤት መምጣት እፈልጋለሁ። በየትኛው ፊቴ እንደምመጣ ግን አላወቅሁም።

ኩርት


ማርች 14

ልጄ ኩርት፣

ዘገየህ ብዬ ስሰድብህ ከርሜ፣ ይኸው እኔም በተራዬ ክረምቱን ሙሉ ዘጋሁህ። ይቅር በለኝ። ብዕር አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ለሊያንደር የሙት ዓመቱን ቅዳሴ ትናንት አስቀደስኩ። ሻርፕህን አድርጌ ሄድኩ፤ ሞቃት ነው፣ እግዚአብሔር አንተንም ያሙቅህ። ከቅዳሴ በኋላ መቃብሩ ጋ ቆምኩ። ሣሩ ደርቆ ተኝቷል፤ የት ጋ ራሱ፣ የት ጋ እግሩ እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ምንም አይታይም።

ስሜን ስላስገባህ አልተቀየምኩህም። እንዴት እቀየማለሁ? እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሁለት ልጆች፣ አንዱ እዚህ አንዱ ባሕር ማዶ፣ ሁለታችሁም እኔን አስገባችሁ፤ አንዳችሁም ግን ለኔ አልነገራችሁኝም። እሱ «አያቴ፣ እዚህ ውስጥ አለሽ» ቢለኝ ኖሮ ለመንደሩ ሁሉ ስጎርርበት እከርም ነበር፤ ለአንተማ መጀመሪያ እጽፍልህ ነበር! አንተም ብትነግረኝ «ኧረ ሊያንደርም እንዲሁ አድርጓል!» እልህ ነበር። አንዲት ቃል ነበረች የጎደለችው። የናንተ ነገር ግን፣ ፍቅራችሁን ማሽን ውስጥ ትደብቃላችሁ እንጂ አፍ አውጥታችሁ አትናገሩም። ከባሌ ቤት የወረሳችሁት ነው ይሄ፤ እሱም ይወደኝ እንደነበር ያወቅሁት ከሞተ በኋላ ነው።

ቢጫውንም አላየሁም ብትል ሰው ነህ፣ አዝነህ ነበር፣ እረዳሃለሁ። የማልረዳህ «አሮጌው ክፍል ነው» ማለትህን ነው። ውሸት አይደለም፣ ቅዱ የሱ ነው። ግን እንደዚያ ስትል ሊያንደር እንደማይመልስልህ ታውቅ ነበር።

ባለፈው እሑድ ቬልማን ወደ አሎይስ ላክኋት። «ኦቲሊያ መልሱን አግኝታለች፣ በፈለግህ ጊዜ ና ብላሃለች» አለችው። «እሺ» ብቻ አለ፤ ኮፍያውን አደረገና ሄደ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ምን እንደምለው እያሰብኩ ነው። ቬልማ «ማሽኑ ነው በይው፣ ማን ያውቃል?» ትለኛለች። ማሽኑማ ተናግሯል! ከሁላችሁም የተናገረ እሱ ብቻ ነው። ደግሞ አንዳንዴ «እኔ ነኝ፣ አሎይስ፤ የተጻፈው የኔ ስም ነው» ልለው አስባለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ምን ያደርጉኛል? ግን ያን ብለው አሎይስ ይስቃል፤ ከሳቀ በኋላ ደግሞ በልቡ የሚቀረው ያው ሊያንደር ነው። አንተን ካልኩት ያ ሥራህ እንዳይሄድ እፈራለሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ አንተ ጨርሰህ እንዳትቀርብኝ እፈራለሁ። የቀረኸኝ አንተ ነህ። አንዱን ልጄን ለማዳን አንዱን አሳልፌ ልስጥ? ይሄን ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም፤ ራሴን በራሴ ጠይቄ…

ቆይ፣ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ትራክተር ነው። ጆሮዬ ባይሰማ እግሬ ይሰማል።

ቬልማ ከበረንዳ እየጮኸች ነው፦ «ኦቲሊያ! አሎይስ መጥቷል! ድንጋዩን በትራክተሩ አንጠልጥሎ ነው የመጣው! ወደ መቃብሩ እየሄደ ነው፣ ፊቱን ወደ የት ላድርገው እያለ ነው! ኦቲሊያ!»

ሳልነግረው አመጣው። አየህ? መልሴን እንኳ ሳይሰማ። ልጁን ይቅር ብሎ ነው የመጣው፤ ያላደረገውን ይቅር ብሎ።

አሁን ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ድንጋዩ ይቆማል፣ ሊያንደር ስም ይኖረዋል፣ አንተም እዚያው ዝናብህ ሥር ሥራህን ትሠራለህ። እኔ ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ አንዴ ከተተከለ በኋላ ዝም እንደምል አውቃለሁ። ስለዚህ ሳይተከል ነው የምነግረው። ያን ድንጋይ ይቅርታ የተደረገለት ልጅ ድንጋይ አድርጎ እንዲተክልልኝ አልፈልግም። ያላጠፋ ልጅ ድንጋይ አድርጎ ይትከለው።

ስምህን እሰጠዋለሁ፣ ልጄ። ከነምክንያቱ፣ ከነፍቅሩ እነግረዋለሁ፤ ግን እሰጠዋለሁ። ሊያንደር የተጫነበትን ከላዩ ማውረድ አይችልም። አንተ ትችላለህ። ና። በአፍረትህ ፊት ና፣ ሌላ ፊት አልፈልግም። አልጋህ የድሮው ክፍል ውስጥ ነው፣ አንሶላውን ቀይሬዋለሁ። ከአሎይስ ጋር ድስቱን የሚያማስል ሌላ ሰው የለንም።

ቬልማ መዝጊያውን ይዛ ቆማለች፣ ብርዱን ሁሉ አስገባችው፤ «ትመጪያለሽ አትመጪም?» ትላለች። መጣሁ ብያታለሁ። ከትራክተሩ ሳያወርደው ልድረስ።